አምስት ጠርሙስ ጭቃ

የአጎቴ ሚስት የዓሣ ሚዛኗ ሥራ ፈትቶ እንዳይዝግ ብላ የሰፈሩን ሕፃናት ትመዝንበታለች። ያን ቀን ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት እናቶች ወረፋ ይዘው ቆመዋል፤ ሦስተኛዋ ልጇን ከሚዛኑ ሳህን ላይ እያነሣች ትከራከራለች። ባለፈው ሳምንት ሰባት ኪሎ የነበረ ልጅ እንዴት ዛሬም ሰባት ኪሎ ይሆናል ነው ክርክሩ። የአጎቴ ሚስት የገበያ ፊቷን ሳትቀይር፣ “ሚዛኔን ተይውና ልጁን አብዪው” አለቻት። አታስከፍላቸውም። የምትፈልገው የሚዛኑ መርፌ ሲወዛወዝ ማየት ብቻ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ዓሣ ሲመዝን የኖረ እጅ ድንገት ሥራ ሲያጣ ሌላው ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እሷ ግን ሕፃን ፍለጋ ወጣች።

ሥራ የፈታችው በኔ ፊርማ ነው። ከሰባት ወር በፊት የምሠራበት የውኃ ላብራቶሪ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ያለው እርሳስ ከገደቡ አልፏል የሚል ሪፖርት አወጣ፤ ከተማው ያንን ይዞ የሐይቁ ዓሣ እንዳይሸጥ ከለከለ። ከሪፖርቱ ሥር ካሉት ሦስት ፊርማዎች ሁለተኛው የኔ ነው። እሷ የክልከላውን ማስታወቂያ ከገበያው በር ላይ ገንጥላ አምጥታ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየች፣ “እርሳስ ዓሣ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ዓሣው ደብዳቤ ሊጽፍ ነው?” ትላለች፤ እንግዳው ሲስቅ እሷ አትስቅም። ድንች ልሽጥ ብላ ሞክራ ነበር። ድንቹ በኪሎ ሠላሳ፣ ትርፉ ሁለት፤ “ከድንች ጋር ደግሞ ምን ወሬ አለ?” ብላ በሦስተኛው ሳምንት ተወችው። ከኔ ጋር አንጣላም፤ አልተኳረፍንም ግን አይባልም። ሻይ ትቀዳልኛለች፣ የስኳሩን ዕቃ ከራሷ ፊት አታነሣውም። እኔም አልጠይቅም። ሰባት ወር ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቼ አሁን ለምጄዋለሁ፤ ለጤናም ጥሩ ነው ይላሉ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የላብራቶሪያችን ጀልባ ነጂም እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም “ካፒቴን” ይሉታል፤ ጀልባዋ ርዝመቷ አምስት ሜትር ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ አጥቼ ስንከራተት ኃላፊውን ቢሮው ድረስ ሄዶ የለመነልኝ እሱ ነው፤ የምኖረውም እሱ ቤት ነው። በዓሣው ጉዳይ ሚስቱ እኔንና ማሽኔን እንጂ እሱን ወቅሳ አታውቅም። ጀልባ ነጂ ምን ያውቃል? ያን ጠዋትም ከሚዛኑና ከሕፃናቱ ርቆ፣ ጥግ ይዞ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል።

“ጋሼ፣ ዛሬ ካንተ ጋር ጀልባ ላይ እወጣለሁ” አልኩት።

ዳቦው ተበጥሶ ሻዩ ውስጥ ቀረ።

“ዛሬ ነፋስ አለ” አለ።

በመስኮት አየሁ። ማዶ የተሰጣው አንሶላ ንቅንቅ አይልም።

“ሞተሩም ያስነጥሰዋል።”

“አብረን እናስነጥሳለን። ብቻ ከምሳ በፊት መልሰኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባው አለ።”

የአጎቴ ሚስት የሰው ሕፃን እንዳቀፈች ዞር አለች። ስብሰባው የምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ገበያው ሁሉ ያውቃል። ክልከላው ለአንድ ዓመት ይራዘም አይራዘም የሚወሰነው ዛሬ ነው። “ውሰዳት” አለችው አጎቴን። “ዓሣ ፊት ለፊት ስታይ ታፍር ይሆናል።”

ሥራችንን ባጭሩ ልናገር፤ ብዙ ሰው ውኃ የምንመረምር ይመስለዋል። ውኃ የዛሬን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ነገ ሌላ ውኃ ነው። የዓመታቱን ቂም ይዞ የሚቆየው ታች ያለው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ የሚኖሩትም እንደዚያው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ከሐይቁ አምስት ነጥቦች አምስት ጠርሙስ ጭቃ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ቅርብ ከሆነው ዳርቻ ደግሞ ቀንድ አውጣ ይለቀማል። ጭቃው የአጎቴ ድርሻ ነው። “መንጋጋ” የምንለውን ባለ ሁለት ጉንጭ ብረት በገመድ ወደ ታች ይለቀዋል፤ ብረቱ መሬት ሲነካ ጭቃውን ነክሶ ይወጣል። ቀንድ አውጣው የኔ ነው፤ ሁሉም የሚጠየፈው ሥራ ስለሆነ ሁልጊዜ ለአዲስ ተቀጣሪ ይሰጣል። እሱ በጀልባ ይሄዳል፤ እኔ ቦት ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ በታክሲ። ከዚያ ጭቃውንም ቀንድ አውጣውንም አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በአሲድ አሟሙቼ ማሽኑ ላይ አነባለሁ። እና ሁለቱ አልስማማ አሉ። ጭቃው በአምስቱም ነጥብ እርሳስ አለ ይላል፤ ቀንድ አውጣው ከአንደኛው ነጥብ በቀር የለም ይላል። ለኃላፊው ስነግረው፣ “መመሪያው የሚለው ጭቃ ነው። ቀንድ አውጣ እኮ ይንቀሳቀሳል” አለኝ። ቤቱን ተሸክሞ ሐይቅ የሚያቋርጥ ቀንድ አውጣ እስካሁን አላየሁም። ትናንት የአዲሱ ዙር ውጤት ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ ያው ሆነ፤ ቢያንስ ጭቃው ሲወጣ በዓይኔ ልየው አልኩ።

ጀልባችን የምትታሰረው ከጀልባ ማደሻው ግቢ ጎን ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ አሮጌ ጀልባ ተገልብጦ ይፋቃል፣ ተመልሶ ይቀባል፤ ፍቅፋቂው ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ዳርቻው ላይ ይንሳፈፋል። ቀለም ቀቢው የተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ላይ የዳማ ሰሌዳውን ዘርግቶ፣ ጠጠሮቹን ደርድሮ ጠበቀን። “ካፒቴን፣ ምነው ዛሬ ዳኛ ይዘህ መጣህ? ትናንት እንደ ተሸነፍክ ሁሉም ያውቃል እኮ” አለ። አጎቴ ያልሰማ መስሎ የሞተሩን ገመድ ሳበው። ሞተሩ አላስነጠሰም። ገና አንዴ ሲስበው ተነሣ።

አራተኛው ነጥብ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። አጎቴ መንገዱን ሁሉ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤታችን አዲስ በር፣ በሩ ከቤቱ እንደሚበልጥ፣ ሌባ ቢመጣ በሩን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ አወራኝ፤ በጣም ብዙ አወራ። ጂፒኤሱ ሲጮህ ዝም አለ። ሞተሩንም አጠፋው። ውኃው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከከተማው የሚሰማው የአንድ የጭነት መኪና ጡሩምባ ብቻ ነው።

“በል ልቀቀው” አልኩ።

መንጋጋውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ለቀቀው። ገመዱ በመዳፉ ውስጥ እየተንሸራተተ ወረደ፣ አንድ ቋጠሮ አለፈ፣ ሌላ ቋጠሮ አለፈ፤ ከዚያ ጫፉ እጁ ላይ ቀረ። ብረቱ መሬት ቢነካ ገመዱ ይላላ ነበር። አልላላም፤ እንደ ተወጠረ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ገመዱ አልቋል፣ ሐይቁ ግን ገና ነው።

“ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጥልቀቱ ስንት ነው?”

“ሃያ ሁለት ሜትር።”

“ገመዱስ?”

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ሰማዩ የሚያውቅ ይመስል። “ወደ ዘጠኝ ምናምን።”

ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። የወሰደብኝ ለመናደድ ነው፤ ምክንያቱም አጎቴ ከመቀመጫው ሥር ካለው ሳጥን በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች አውጥቶ እንደ መታወቂያ ዘረጋልኝ። ሦስቱም የገመድ መጠየቂያ ናቸው፤ “አሮጌው እየተበላ ስለሆነ ዐርባ ሜትር ይገዛልኝ” ይላሉ። የመጀመሪያው የአራት ዓመት ዕድሜ አለው፤ ጥጉ ላይ ኃላፊው በአረንጓዴ ቀለም “ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ” ብሎ መርቶበታል። አጎቴ ሦስት የብረታ ብረት ሱቅ ዞረ። አንዱ ነጋዴ፣ “ለገመድ ፕሮፎርማ? አባቴ፣ ወይ ግዛ ወይ መንገድ ልቀቅ” አለው፤ ሁለቱ ይህንንም አላሉትም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ “በሚቀጥለው በጀት ይታይ” ይላል። ሦስተኛው ላይ “ያለውን በቁጠባ መጠቀም”። አጎቴም ያለውን በቁጠባ ተጠቀመ። የተበላውን ጫፍ እየቆረጠ፣ የቀረውን እየቋጠረ፣ ዐርባ የነበረው ሠላሳ፣ ሃያ፣ አሥራ አምስት እያለ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ ገመዱ የከዳው በጣም ጥልቅ የሆነው አምስተኛው ነጥብ ላይ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው ብሎ እሱን ከማደሻው ፊት ለፊት ሞላው። በዓመቱ አራተኛውን። በዓመቱ ሦስተኛውን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አምስቱንም ጠርሙስ እዚያው፣ ጀልባዋን ሳይፈታ ይሞላና እስከ እኩለ ቀን ዳማ ይጫወታል።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኛ። ኃላፊው ለጎብኚ ሁሉ የሚያሳየው ካርታ ነው፤ መጀመሪያ ማደሻው አጠገብ አንድ ቀይ ነጥብ፣ በዓመቱ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት፣ በመጨረሻ አምስት። “ብክለቱ በአስጊ ፍጥነት እየተስፋፋ ነው” የሚል አርእስት አለው። አንድም የተስፋፋ ነገር አልነበረም። ገመዱ ባጠረ ቁጥር ካርታው ቀላ። የመጀመሪያዋ ቀይ ነጥብ ብቻ የእውነት ናት፤ እዚያ ጀልባ ይፋቃል፣ የአሮጌ ቀለም እርሳስ ወደ ውኃው ይወርዳል። ቀንድ አውጣዎቼም የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

“ምን ያስቅሻል?” አለ አጎቴ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ጭቃ ጭቃ ነው ብዬ ነዋ።”

“ጭቃ ጭቃ ከሆነ እኔ አራት ዓመት ምን ልማር ሄድኩ?”

“እሱን እኔም ስጠይቅ ነበር” አለ፤ ከዚያ ያለቦታው እንደ ቀለደ ገብቶት ዓይኑን ሰበረ።

ሜትሬን አውጥቼ ገመዱን ለካሁት። ዘጠኝ ሜትር ከዐርባ። ደብተሬ ላይ ስጽፍ አንገቱን አስግጎ አየኝ። “በእስክሪብቶ ጻፍሽው?” አለ። በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። ያኔ እውነተኛውን ጉዳይ አነሣው። ጡረታ ሊወጣ አሥራ አንድ ወር ነው የቀረው። አሥራ አንድ ወር ብጠብቅለት፣ ከዚያ በኋላ የፈለግኩትን ብናገር፣ በጋዜጣ ባወጣው ግድ የለውም። ክልከላው ዛሬ ለአንድ ዓመት ሊራዘም እንደሆነ ነገርኩት። ያውቃል። ያንን አንድ ዓመት ሚስቱ ሕፃን እየመዘነች ልትከርመው መሆኑንም ነገርኩት።

“መጀመሪያ አልገባኝም ነበር” አለ። “በእኔ ጭቃ ነው የዘጉት ብዬ አላሰብኩም። ማሽኑ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ሲገባኝ ደግሞ ሦስት ወር አልፏል። በሦስት ወሩ ምን ብዬ ልንገራት? ቢሮው ቢያባርረኝ ያባርረኝ። እሷ ስትሰማ ነው የጨነቀኝ።”

ከአራተኛው ነጥብ እስክንመለስ መዋሸት የምችልባቸውን መንገዶች ሁሉ አሰብኩ። በማሽኑ ላይ ላላክክ እችላለሁ፤ ማሽኑ ግን የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ይሆናል። ቀንድ አውጣውን ብቻ ልናገር እችላለሁ፤ ኃላፊው ቀንድ አውጣዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨፈልቀዋል። ሆዴን አመመኝ ልል እችላለሁ። አንዱም ዓሣ ሻጮቹን ወደ ጠረጴዛቸው አይመልስም። ለአጎቴ አላዘንኩም ማለቴ አይደለም። ግን እኔ ሳዝን እንኳ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው የምፈልገው። ዳርቻው ላይ ስንደርስ፣ “እናገራለሁ ጋሼ” አልኩት። ጀልባዋን ሁለት ጊዜ አሠራት፣ ፈታት፣ እንደገና አሠራት። ከዚያ ሦስቱን ወረቀቶች ከእጄ ወስዶ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሃያ ወንበር፣ ሠላሳ ሰው። ሰብሳቢው ከከተማው ጤና ክፍል የመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ ነው። ከመስኮቱ ሥር ዓሣ ሻጮቹ ተደርድረዋል፤ የአጎቴ ሚስት “ፊርማቸውን ለማየት አልሄድም” ብላ ቀርታለች። ተወካያቸው ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ናት፤ ገና ሳይጀመር፣ “ዛሬ ደግሞ በእርሳሱ ላይ እስክሪብቶ አገኛችሁበት?” ብላ ጎረቤቶቿን አሳቀች። ኃላፊው ካርታውን ግድግዳው ላይ አብርቶ ቁጥሮቹን አነበበ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። “እንደምታዩት በአምስቱ ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት አይበልጥም። ይህ የላብራቶሪያችንን ትክክለኛነት ያሳያል” አለ። ከሰባት ወር በፊት ይህንኑ ሲል ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ፊቴ በኩራት በርቶ። ሐይቅ እንደዚያ አይሠራም። አምስት የተለያየ ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጥ መደንገጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ የተማርኩትም ለዚያ ነው። እኔ ግን እጄ ጎበዝ ነው ብዬ ተደሰትኩ፤ ፈረምኩ። አጎቴ የገመድ ምክንያት ነበረው፤ እኔ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

እጄን አወጣሁ። “ጥያቄ በመጨረሻ” አለ ኃላፊው።

“ጥያቄ አይደለም። አምስቱም ጠርሙስ ከአንድ ቦታ ነው የተቀዳው።”

አንድ ሰው ሳል ጀምሮ ተወው። የገመዱን ርዝመትና የነጥቦቹን ጥልቀት ተናገርኩ፤ ቀንድ አውጣው ምን እንዳለ ተናገርኩ፤ ከሰባት ወር በፊት የፈረምኩት ሪፖርት ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ ማደሻው ግቢ ብቻ የሚናገር መሆኑን፣ ፊርማዬንም እንደማነሣ ተናገርኩ። ማደሻው ፊት ያለው ጭቃ ግን የእውነት መርዝ ነው፣ እሱን ማንም እንዳይረሳው አልኩ። በፍጥነት ነው የተናገርኩት፤ ቀስ ብዬ ብናገር የምፈራ መሰለኝ። ኃላፊው ጠረጴዛውን በጣቱ እየቆረቆረ ሰማኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለመሆኑ ይህን ጭቃ ያወጣው ማን ነው?” አለ። ማን እንደሆነ ያውቃል። የማን አጎት እንደሆነም ያውቃል። አፌን ከፈትኩ። “አጎቴ” የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ “ጀልባ ነጂው” ብል ደግሞ ማታ በምን ዓይኔ አየዋለሁ።

“እኔ ነኝ” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አጎቴ ሁለት ወንበር ተሸክሞ ቆሟል። ወንበር ጎድሏል ተብሎ ከምድር ቤት እንዲያመጣ ተልኮ ነበር። አንዱን ለቆመች ዓሣ ሻጭ ሰጣት፤ ሁለተኛውን ዘርግቶ ራሱ ተቀመጠበት። ከዚያ ሦስቱን ወረቀቶች ከኪሱ አውጥቶ በሰው እጅ በእጅ ወደ ሰብሳቢው አሳለፋቸው። ሽማግሌው መነጽሩን በመጨረሻ አገኘው፤ የኃላፊውን አረንጓዴ ጽሑፍ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ። “ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ” ላይ ከመስኮቱ ሥር ሳቅ ተነሣ። “ያለውን በቁጠባ መጠቀም” ላይ ተወካይዋ ጉልበቷን እየመታች፣ “ወይኔ! እኛን ነው የቆጠቡት!” አለች።

“የጀልባ ነጂው ጉዳይ በዲሲፕሊን ይታያል” አለ ኃላፊው።

“የማንኛችሁ?” አለ ሰብሳቢው ወረቀቶቹን እያጠፈ። ከዚያ ውሳኔውን ለጸሐፊው አጻፈ። ክልከላው አይነሣም፤ ዓመትም አይራዘምም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአምስቱ ነጥቦች፣ ከአምስቱም፣ አዲስ ጭቃ ይምጣ። “እስከዚያ ገመድ ግዙ” አለ። ኃላፊው ግዢ በሕጉ መሠረት መሆን እንዳለበት ሊያስረዳ ጀመረ፤ “ሦስት” የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ሴቶቹ በአንድ ላይ ጮኹ፤ የቀረውን ማንም አልሰማውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ የደመወዝ ቅጣት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ብቻ፣ “ወንበሩ ምቹ ነው” አለ። “ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር።”

የአጎቴ ሚስት ሰምታለች። ገበያተኛ ስልክ አለው፤ እኛ ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ ወሬው እሷ ዘንድ ደርሷል። ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ሕፃን የለም። ቆማ ነው የጠበቀችን። አጎቴን ከጫማው እስከ ጸጉሩ አየችው፤ እሱም ለመታየት ራሱን እንዳዘጋጀ ሰው ቆመላት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

“ስንት ሜትር ነው የሚያስፈልገው?”

“ዐርባ።”

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የገበያውን ጫማ አደረገችና ወጣች። አጎቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ። “አንቺ ምን ትያለሽ፣ ወዴት የሄደች ይመስልሻል?” አለኝ፤ አላውቅም አልኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻዋ ላይ አዲስ የናይለን ገመድ ጠምጥማ ገባች። ነጋዴው ሜትሩን ሃያ አምስት ብሏት፣ በአሥራ ስምንት አስጨርሳ፣ ሁለት ሜትር ምርቃት አስጨምራለች። የገመዱን ጥቅል አጎቴ ጭን ላይ ጣለችው።

“ስሚኝማ፣ እኔ እኮ...” አለ አጎቴ።

“ዝም በል። ሰባት ወር ዝም ብለሃል፤ አንድ ምሽት ምን ይጨምርብሃል?”

መሥሪያ ቤቱ እንዲህ በቀላሉ ዕቃ መቀበል እንደማይችል ነገርኳት። ስጦታ ለመቀበል ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ደግሞ ከዓመት በፊት ተሰብስቦ አያውቅም። “ማን ስጦታ አለ?” አለች። “አውሼያቸው ነው። ሲጨርሱ ልብስ አሰጣበታለሁ።” ነገ ጠዋት እሷም ጀልባው ላይ እንደምትወጣ ነገረችን፤ አይሆንም አልኩ፤ ዓሣ ሻጭ ናሙና ሲወጣ ብትገኝ ውጤቱን ማንም አያምነውም። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ትንሽ አሰበችበትና ልክ ነሽ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ የሌላ ሰው ሚዛን ላይ እጁን የሚያሳርፍ ነጋዴ እሷም አትወድም።

“ማሽንሽ መርዝ ነው ካለስ?” አለች ቀጥላ።

“መርዝ ነው ይላላ። እኔ አላስተካክለውም።”

“አታስተካክዪው። መርዝም ከሆነ ከራሱ ቦታ የመጣ መርዝ ይሁን። በቀለም ቀቢ ቆሻሻ ለምን እቀጣለሁ?”

አጎቴ በየሜትሩ ቀይ ክር ማሠር አለበት፤ ገመዱ ሲወርድ ጥልቀቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሜትሬን ሰጠሁት። አንዱን ጫፍ እሱ ሳሎኑ ውስጥ ይዞ ተንበረከከ፣ ሌላውን ጫፍ ማን እንደሚይዝለት ሲፈልግ እሷ ሳትናገር አነሣችው፤ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደች ከሳሎኑ ወጣች፣ ኮሪደሩን ጨረሰች፣ በሩን አልፋ መንገድ ላይ ወጣች። ሳሎናችን ስድስት ሜትር አይሞላም። ጎረቤቶች ገመዱን እየተሻገሩ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከመስኮቱ አያታለሁ፤ መብራት እንጨቱ አጠገብ ቆማ ገመዱን በሁለት እጇ ወጥራዋለች። አጎቴ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ያሥራል፣ ይለካል፣ ያሥራል።

“ስንት ደረሰ?” ብላ ከመንገድ ጮኸች። ቀኑን ሙሉ መልሱን ፈልጋ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

“ሠላሳ አንድ!” ብሎ ጮኸ አጎቴ።

“እንዳታጎድል! ቀጥል!”